በሠርግና በግሪን ካርድ መካከል ያለች ወረቀት

አሜሪካዊ ዜጋ አግብቶ፣ እዚያው አሜሪካ ሆኖ ግሪን ካርድ የሚጠባበቅ ሰው «የሥራ ፈቃድ ላመልክት ወይስ ዋናውን ልጠብቅ?» ማለቱ አይቀርም። ጉዳዩ የባልና ሚስት ምክክር ይምሰል እንጂ ጥያቄውን የወለደው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ያለ ፈቃድ የገባን ሰው መደበቅን ሲከለክል፣ ቀጥሮ ማሠራትን ግን እንደ መደበቅ አልቆጠረውም፤ የሜክሲኮ ጉልበት የሚሹ የቴክሳስ ባለ እርሻዎች ፍላጎት በአንቀጹ ስለተጠበቀ የአንቀጹ ስምም ከዚያች ግዛት ጋር ተያይዞ ቀረ። በፌደራል ሕግ ቀጣሪው የሠራተኛውን ወረቀት የማጣራት አጠቃላይ ግዴታ አልነበረበትም።

ይህን የለወጠው ፕሬዚዳንት ሬገን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1986 የፈረሙት ሕግ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀጣሪ፣ ተቀጣሪው ዜጋም ይሁን የውጭ ሰው፣ አይ-9 የተባለውን ቅጽ ሞልቶ የመሥራት መብቱን ማረጋገጥ ግድ ሆነበት። ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ የሐሰት ጋብቻን ለመከላከል ሌላ ሕግ ጸደቀ፤ ትዳሩ ሁለት ዓመት ያልሞላው አመልካች የሚያገኘው ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ቅድመ ሁኔታ ተጣለበት። መንግሥት በአንድ ሳምንት የሥራውንም የትዳሩንም በር አጠበቀ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ለቀጣሪ ማስረጃ አይሆንም፤ ክፍተቱን የምትሞላው የሥራ ፈቃድ ካርድ ናት።

«ግሪን ካርዱ ራሱ ያሠራል፣ ምን አጣደፈ?» የሚል አይጠፋም። በ1990ው ሕግ የተፈጠረው ዲቪ የደረሰው ሰው የትዳር ጓደኛ፣ ከኤምባሲ የኢሚግራንት ቪዛ ይዞ ከገባ፣ የተለየ ፈቃድ አያሻውም፤ ብዙ የሀገራችን ሰው ፈቃዱን እንደ ትርፍ ወረቀት የሚያየውም ከዚህ ልምድ ተነሥቶ ይመስላል። እዚያው ሆኖ ላመለከተ ግን የጥበቃው ወራት ያለ ገቢ ያልፋሉ። ሌላው ወጪውን ያነሣል። ከ2007 እስከ 2024 ክፍያው ከግሪን ካርዱ ጋር ተጠቃሎ ስለነበር ይህ ክርክር ቦታ አልነበረውም፤ ከኤፕሪል 2024 ወዲህ 260 ዶላር ለብቻው ይጠየቃል። ሆኖም በፌደራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ በሰዓት 7.25 ዶላር፣ ቢሰላ እንኳ ከታክስ በፊት የ36 ሰዓት ሥራ ይሸፍነዋል።

«የዜጋ ሚስት ወይም ባል ያለ ፈቃድ ቢሠራም ሕጉ ያልፈዋል» የሚለው መከራከሪያ ግማሽ እውነት ነው። ይህ ጥፋት ብቻውን ለዜጋ የትዳር ጓደኛ ግሪን ካርዱን አያስከለክልም፤ የግሪን ካርድ ባለቤት ያገባው ግን በጥቅሉ ያ ከለላ የለውም። በአይ-9 ላይ ዜጋ ነኝ ብሎ መዋሸት ደግሞ ከ1996ቱ ሕግ ወዲህ ዘላቂ እገዳ ያስከትላል። ቤት ውሎ ልጅ ለማሳደግ የወሰነም ቢሆን በካርዷ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያወጣል፤ የአጋሩ ሥራ ቢቋረጥም ቤተሰቡ ሁለተኛ ጉልበት አለው። ስለዚህ ግሪን ካርዱ ሊደርስ ጥቂት ቀን ከቀረው ሰው በቀር ማመልከቱ ይበጃል።