ከሥራ የተለዩ ታካሚዎች የሆርሞን ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ የሚቀጥሉበት አሠራር፦ ለጓሳና ለአካባቢው ነዋሪዎች

የሆርሞን ሕክምና ሰውነት በራሱ ማምረት ያቆመውን ወይም በበቂ መጠን የማያመርተውን ሆርሞን በመድኃኒት የመተካት ሕክምና ነው። በአገራችን በብዛት የሚታወቁት ለስኳር ሕመም የሚሰጠው ኢንሱሊን፣ የታይሮይድ ዕጢያቸው ለደከመ ወይም በእንቅርት ምክንያት በቀዶ ሕክምና ለወጣላቸው ሰዎች የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን፣ እንዲሁም የአድሬናል ዕጢ ድካም ላለባቸው የሚታዘዙት ሃይድሮኮርቲዞንና ፕሬድኒሶሎን ናቸው። አብዛኞቹ ታካሚዎች እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስዱት ዕድሜ ልካቸውን ነው።

በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃንና በሌሎች ከተሞች ተቀጥረው ሲሠሩ የቆዩ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ተወላጆች ሥራቸውን ሲያጡ ወደ ቤተሰቦቻቸው መመለሳቸው የተለመደ ነው። አሠሪው ይሸፍነው የነበረው የሕክምና ወጪ ከደመወዙ ጋር አብሮ ይቆማል፤ መድኃኒቱ ግን እንደ ደመወዙ አንድ ወር ልዝለለው የሚባል አይደለም። ይህ ጽሑፍ ታካሚው ከሥራ ከሚለይበት ቀን ጀምሮ በአዲሱ መኖሪያው ሕክምናውን እስከሚቀጥልበት ጊዜ ድረስ ያሉትን ሂደቶች በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ሕክምናው ቢቋረጥ የሚያስከትለው ጉዳት

የመዘግየት አደጋው እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይለያያል። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቋረጠ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ለሕይወት አስጊ ወደሆነ የደም አሲድነት መጨመር ሁኔታ ሊገባ ይችላል። ሃይድሮኮርቲዞን ወይም ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ሲቆም የደም ግፊት እጅግ ሊወርድና ታካሚው ራሱን ሊስት ይችላል። ሌቮታይሮክሲን በሰውነት ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚቀንስ ጉዳቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ድካም፣ የብርድ ስሜት፣ የድምፅ መጎርነንና የሰውነት ማበጥ ይከተላሉ። ነፍሰ ጡር የሆነች ታካሚ ሌቮታይሮክሲን ብታቋርጥ ጉዳቱ ለፅንሱም ይተርፋል።

በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ለመቆጠብ በማሰብ መጠኑን በራስ ውሳኔ መቀነስ ወይም ቀን እያለፉ መውሰድ ተገቢ አይደለም። አዮዲን ያለው ጨው መጠቀም እንቅርትን ለመከላከል ጠቃሚ ቢሆንም የታዘዘውን የታይሮይድ መድኃኒት አይተካም።

ከሥራ ከመለየት በፊት መፈጸም የሚገባቸው ጉዳዮች

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሥራ ውል በማስጠንቀቂያ ሲያቋርጥ የማስጠንቀቂያው ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ 2 ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ 3 ወር ነው። በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ለሚሰናበት ሠራተኛ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ይህ ጊዜ ደመወዝም ሆነ አሠሪው የሚሰጠው የሕክምና ጥቅም ገና ያልተቋረጠበት በመሆኑ የመጨረሻውን ምርመራ ለማድረግና የሕክምና ማስረጃ ለማሰባሰብ ሊውል ይገባል።

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ድርጅቱ በቋሚነት ሲዘጋ ወይም በሕግ መሠረት የሠራተኛ ቅነሳ ሲደረግ የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባዋል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚከፈለው የአማካይ የቀን ደመወዙ 30 እጥፍ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ አንድ ሦስተኛ ይታከላል። በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ለተሰናበተ ሠራተኛ በተጨማሪ የአማካይ የቀን ደመወዙ 60 እጥፍ ይከፈላል። ከአሠሪው የሚፈለግ ክፍያ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንስቶ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊፈጸም ይገባል። ከሕግ ውጪ ተሰናብቻለሁ የሚልና ወደ ሥራው መመለስ የሚፈልግ ሠራተኛ ክሱን በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል። የጡረታ መዋጮ ለሥራ አጥነት ጊዜ ወርኃዊ ድጎማ የሚያስገኝ ስላልሆነ የስንብት ክፍያው መድኃኒት መግዣን ጨምሮ የሽግግሩን ጊዜ ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ተደርጎ ቢያዝ ይመረጣል።

ታካሚው ከቀድሞው ጤና ተቋም ሲወጣ የሚከተሉትን መያዝ ይኖርበታል፦

1. የሕመሙን ዓይነት፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ ወይም የሪፈራል ወረቀት፤
2. የቅርብ ጊዜ የላቦራቶሪ ውጤቶች ቅጂ፤
3. ማስረጃው ተቀባይነት አግኝቶ አዲሱ ክትትል እስኪጀመር የሚያቆይ መድኃኒት ከነማዘዣው፤
4. ከአሠሪው በነጻ የሚሰጥ የሥራ ልምድ ማስረጃና የስንብት ደብዳቤ።

የነዋሪነት ዝውውርና የጤና መድን አባልነት

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረ ሲሆን፣ በአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ቀዳሚዎቹ ነበሩ። መድኑ የተዘጋጀው በመደበኛ ቅጥር ላይ ላልሆኑ ዜጎች ነው። በመሆኑም ተቀጥሮ ሳለ አባል መሆን ያልቻለ ሰው ሥራውን ሲያጣ በሚኖርበት ቀበሌ ለመመዝገብ ብቁ ሊሆን ይችላል።

ለምዝገባው መነሻ የሚሆነው የቀበሌ ነዋሪነት ነው። ከከተማ የተመለሰ ሰው ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ አውጥቶ በአዲሱ ቀበሌ ካልተመዘገበ የመድን መታወቂያ ለማግኘት ይቸገራል። ብዙ ታካሚዎች ጊዜ የሚያባክኑት እዚህ ላይ ስለሆነ መሸኛው ከተማውን ከመልቀቅ በፊት ቢወጣ ይመረጣል፤ ለአንድ ወረቀት ከጓሳ ተመልሶ መጓዝ ገንዘብም ቀናትም ይወስዳል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጉዳይ የቤተሰብ አባልነት ነው። የመድኑ መደበኛ መዋጮ የሚሸፍነው ባልና ሚስትን እንዲሁም ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ነው። ስለዚህ ወላጆቹ አባል ቢሆኑም ወደ ቤታቸው የተመለሰ የ25 ዓመት ወጣት በእነርሱ መታወቂያ በቀጥታ አይታከምም። ተጨማሪ መዋጮ ተከፍሎለት በቤተሰቡ መዝገብ ሊካተት ወይም እንደ ራሱን የቻለ አባወራ ሊመዘገብ ይገባል። ምዝገባና እድሳት በየዓመቱ በሚታወጅ ወቅት የሚከናወን በመሆኑ ተመላሹ በደረሰበት ሳምንት የወረዳውን የጤና መድን ባለሙያ ማነጋገርና የምዝገባውን ጊዜ፣ የመዋጮውን መጠን እንዲሁም አገልግሎቱ የሚጀምርበትን ቀን ማወቅ ይኖርበታል።

መዋጮ መክፈል ለማይችሉ

መዋጮውን የመክፈል አቅም የሌላቸው አባወራዎች በቀበሌው ነዋሪዎች ተሳትፎ ተለይተው ሲጸድቁ መዋጯቸው በመንግሥት ይሸፈናል። ልየታው በተወሰነ ወቅት የሚካሄድ ስለሆነ ሥራ ያጣው ሰው የስንብት ደብዳቤውንና የሕክምና ማስረጃውን ይዞ ለቀበሌው አስተዳደር በጽሑፍ ቢያመለክት ጉዳዩ በግልጽ ሊታይለት ይችላል። የኤችአይቪ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የወሊድና የክትባት አገልግሎቶች ለሁሉም ዜጋ በነጻ የሚሰጡ ናቸው፤ ኢንሱሊንና ሌቮታይሮክሲን ግን ከእነዚህ ውስጥ ስላልሆኑ የመድን አባልነት ወይም የነጻ ሕክምና ማስረጃ ያስፈልጋል።

የክትትል ቦታና የሪፈራል ቅደም ተከተል

የመድን አባል በቅድሚያ የሚሄደው በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። የጓሳ ዙሪያ ነዋሪዎች ከጤና ጣቢያ ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ ከዚያም እንደ ሕመሙ ክብደት ወደ ደብረ ብርሃን አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊላኩ ይችላሉ። የሪፈራል ወረቀት ሳይዝ በቀጥታ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል የሚሄድ አባል፣ ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በስተቀር፣ ከወጪው ከፊሉን ወይም ሙሉውን ራሱ ሊከፍል ይችላል።

ከመሐል ሜዳ በሞላሌ፣ በመዘዞና በጣርማ በር አድርጎ ደብረ ብርሃን ደርሶ መመለስ ለአንድ ታካሚ ቀላል ወጪ አይደለም። ሁኔታው የተረጋጋ ታካሚ ከአንድ ወር በላይ የሚያቆይ መድኃኒት እንዲታዘዝለትና ተከታታይ ክትትሉ በጤና ጣቢያ እንዲሆን ሐኪሙን መጠየቅ ይችላል።

መድኃኒቱ በጤና ተቋሙ ካልተገኘ

በዚህ ጊዜ ታካሚው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ሊመለስ አይገባም። የመድኃኒት ክፍሉ መድኃኒቱ አለመኖሩን በማዘዣው ላይ እንዲያረጋግጥለት መጠየቅ፣ ከመድኑ ጋር ውል የገባ መድኃኒት ቤት መኖሩን ማጣራት፣ በግል ከገዛም ደረሰኙን ማስቀመጥ አለበት። ወጪው የሚተካ መሆን አለመሆኑን የወረዳው ጤና መድን ጽሕፈት ቤት ያስረዳል። ከቀይ መስቀልና ከማኅበረሰብ መድኃኒት ቤቶችም መጠየቅ ይቻላል። በአንዱ የኢንሱሊን ዓይነት ምትክ ሌላ የሚሰጥ ከሆነ የአወሳሰዱ መጠንና ሰዓት ስለሚለያይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መቀየር አደገኛ ነው።

በደጋው አየር ንብረት የመድኃኒት አያያዝ

የጓሳ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን ሌሊት ውርጭ ይጥልበታል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ያለበት ቢሆንም በረዶ ከሆነ ግን ኃይሉን ያጣል፤ ቢቀልጥም ተመልሶ አያገለግልም። ስለዚህ ከውርጭ ለመከላከል በጨርቅ ተጠቅልሎ በቤቱ ውስጠኛ ክፍል፣ ከውጭ ግድግዳና ከምድጃ ርቆ ሊቀመጥ ይገባል። የተከፈተው በክፍሉ ሙቀት አራት ሳምንት ያህል ያገለግላል። በሌሊት ጉዞ ከጭነት ጋር ሳይሆን ከካፖርት ወይም ከጋቢ ሥር በሰውነት አጠገብ ቢያዝ ይመረጣል።

ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ በውኃ ተወስዶ ቡና ወይም ምግብ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቆይቶ ይከተላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ጾም ከመጀመሩ በፊት የመርፌውንና የምግቡን ሰዓት ከሐኪም ጋር ሊወስን ይገባል።

አስቸኳይ ሁኔታዎች

የሆርሞን መድኃኒት ያቋረጠ ወይም ያለቀበት ሰው ተደጋጋሚ ትውከት፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ፣ ከፍተኛ የውኃ ጥም፣ መፍዘዝ ወይም ራስን መሳት ከታየበት የመድን መታወቂያም ሆነ የሪፈራል ወረቀት ሳይጠበቅ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የታካሚውን ስምና የሚወስደውን መድኃኒት አስቀድማ ብታውቅ እርዳታው ይፋጠናል። በዚህም ምክንያት ወደ አካባቢው የተመለሰ ታካሚ በቀበሌው ጤና ኬላ ራሱን ማስተዋወቅ ከመጀመሪያዎቹ ተግባራት አንዱ ሊሆን ይገባል።