ሐሊም ኤል-ዳብ፦ ከካይሮው የሽቦ መቅረጫ እስከ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አጀማመር ሲወሳ በቅድሚያ የሚጠሩት የአውሮፓና የአሜሪካ ባለሙያዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ከዘርፉ ቀደምት ሥራዎች አንዱ የተሠራው በአፍሪካ ምድር፣ በካይሮ ከተማ ነበር። ባለቤቱም በኋላ በአዲስ አበባ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋሙት ትውልደ ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤል-ዳብ በ1921 በካይሮ ተወለዱ። በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ምሕንድስና እየተከታተሉ በትርፍ ጊዜያቸው ሙዚቃ ይደርሱ ነበር። በ1944 ከአንድ የሬዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅረጫ ተውሰው የዛር ሥነ ሥርዓት ወደሚካሄድበት ስፍራ በመሄድ የሴቶቹን ዜማ ቀረጹ። የዛር እምነትና ሥርዓት ከግብጽ ሌላ በኢትዮጵያና በሱዳንም የሚታወቅ ነው።

መሣሪያው ድምጽን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ በመግነጢሳዊ ኃይል የሚቀርጽ ሲሆን፣ የተሠራውም ለንግግርና ለዜና ቀረጻ እንጂ ለሙዚቃ አልነበረም። ኤል-ዳብ ግን የቀረጹትን ድምጽ በጣቢያው ስቱዲዮ ውስጥ ደጋግመው በመገልበጥ፣ የገደል ማሚቶ በመጨመርና መሠረታዊውን ድምጽ ቀንሰው ረቂቁን በማጉላት ወደ አዲስ ሙዚቃ ለወጡት። የሰው ዜማ መሆኑ እስከማይለይ ድረስ የተቀየረው ይህ ሥራ በዚያው ዓመት በካይሮ ለሕዝብ ቀረበ። በዘርፉ ፈር ቀዳጅ ተብለው የሚታወቁት ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የመጀመሪያ ሥራዎቻቸውን ያቀረቡት ከአራት ዓመታት በኋላ፣ በ1948 ነው።

ኤል-ዳብ በ1950 ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ አቀኑ። በ1958 ለታዋቂዋ የውዝዋዜ ባለሙያ ማርታ ግራሃም የክሊተምኔስትራን ሙዚቃ ደረሱ። በ1959 ደግሞ በኒውዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል መሥራት ጀመሩ። በማዕከሉ በተበሳ ወረቀት ትእዛዝ የሚቀበልና አንድ ክፍል የሚሞላ ሲንተሳይዘር ይገኝ ነበር። እርሳቸው ግን በአብዛኛው ያተኮሩት በቴፕ ክር፣ በሰው ድምጽና በባሕላዊ መሣሪያዎች ላይ ነበር።

ከዚህ ሥራቸው ውስጥ ይበልጥ የታወቀው “ሌይላና ገጣሚው” የተሰኘው የኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ ድራማ ነው። መነሻው በመካከለኛው ምሥራቅ ለዘመናት ሲነገር የኖረው የሌይላና የመጅኑን የፍቅር ታሪክ ነው። ከተለመደው ኦፔራ የሚለየው በአቀራረቡ ነው። በመድረክ ላይ የኦርኬስትራ ተጫዋቾች አይሰለፉም፤ የገጸ ባሕርያቱ ድምጽና የመሣሪያዎቹ ቃና አስቀድሞ በቴፕ ክር ላይ ተቀርጾ፣ ከተቀናበረ በኋላ በድምጽ ማጉያዎች ለታዳሚው ይደርሳል። ሥራው በ1961 በማዕከሉ የመክፈቻ ዝግጅት ላይ ቀርቦ፣ በ1964 በሸክላ ታትሟል።

የኤል-ዳብ የኢትዮጵያ ቆይታ የሚጀምረው በ1962 ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ባስተማሩባቸው ሁለት ዓመታት ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የመጡ የባሕል ሙዚቃ ባለሙያዎችን አሰባስበው በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንትና እምቢልታ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታና ወግ ያላቸው መሣሪያዎች ናቸው። በገና ለምስጋናና ለተመስጦ፣ ማሲንቆ ለአዝማሪ ጨዋታ፣ እምቢልታ ለክብር ሥርዓት ይውላሉ። እነዚህን በአንድ መድረክ ማቀናጀት ለዘመኑ አዲስ አሠራር ነበር። አዝማሪ የሚለው ቃል እንደ ስድብ በሚቆጠርበት ወቅት ባለሙያዎቹ በዩኒቨርሲቲ መድረክ መቅረባቸውም ለሙያው ክብር ከፍተኛ ትርጉም ነበረው። ኦርኬስትራው ከኤል-ዳብ በኋላ በጆን ኮ፣ ቀጥሎም በተስፋዬ ለማ መሪነት እስከ 1975 ድረስ ዘልቋል።

ኤል-ዳብ ከ1969 ጀምሮ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። በግንቦት 1970 የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች በዩኒቨርሲቲው ግቢ በከፈቱት ተኩስ አራት ተማሪዎች ሲገደሉ ዘጠኝ ቆስለዋል። ኤል-ዳብም ይህንኑ አሳዛኝ ድርጊት መነሻ በማድረግ በ1971 “ኦፔራ ፍላይስ” የተሰኘውን ሥራቸውን አቅርበዋል።

የካይሮው ቅጂ በሲዲ ታትሞ ለሕዝብ የቀረበው ከተሠራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲሆን፣ እርሱም ሁለት ደቂቃ ያህል ርዝመት ያለው ክፍል ብቻ ነው። አፍሪካዊው ጅማሮ በታሪክ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ተገቢውን ስፍራ ሳያገኝ የቆየበት አንዱ ምክንያትም ሥራው በወቅቱ ታትሞ አለመሰራጨቱ ነው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለአገራችንም ይሠራል። በሽቦ፣ በቴፕ ክርና በሸክላ የተቀረጹ የባሕል ቅርሶች በወቅቱ ካልተጠበቁና ካልታተሙ፣ ቀድሞ የሠራው ሳይሆን ቀድሞ ያሳተመው ባለ ታሪክ ይሆናል።

ሐሊም ኤል-ዳብ በተወለዱ በ96 ዓመታቸው መስከረም 2 ቀን 2017 በኬንት ከተማ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።