አነስተኛ ድርጅቶች በኢንተርኔት ፍለጋ ቀድመው እንዲገኙ ምን ሊደረግ ይገባል?

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ የሆነችው እንጅባራ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ወደ ቻግኒ የሚያመራው መንገድም የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ከእርሷ በስተሰሜን በዚሁ ጎዳና ላይ ዳንግላ ትገኛለች። አካባቢው የዘንገና ሐይቅ መገኛ ከመሆኑም በላይ በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን በእንጅባራ ሲያከብር በርካታ እንግዶችን ያስተናግዳል። የቀርከሃ ሥራ፣ ማር እና ድንችም ከአካባቢው ምርቶች መካከል ይጠቀሳሉ።

ከሌላ አካባቢ የሚመጣ እንግዳ ወይም ነጋዴ በአሁኑ ወቅት ከመነሳቱ በፊት ማረፊያውንም ሆነ የሚገዛውን ዕቃ በእጅ ስልኩ የመፈለግ ልማድ እያዳበረ መጥቷል። በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የሚፈጸም ውል ሕጋዊ እውቅና እንዲያገኝ የሚያስችለው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም መውጣቱ፣ ቴሌብርም በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ መጀመሩ ክፍያን በርቀት መፈጸም እንዲቻል መንገድ ከፍተዋል። ይሁን እንጂ በፍለጋ ያልተገኘ ድርጅት ለፈላጊው እንደሌለ ይቆጠራል። ድረ ገጽ ለማሠራት ገንዘቡን ያወጣ ባለሙያ ድካሙ ከንቱ ሲቀርበት፣ ትርፉም መረጃውን ቀድሞ በያዘው ደላላ እጅ ይገባል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አነስተኛ ድርጅቶችን በመደገፍ ሥራ ላይ የተሰማሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ድረ ገጽ በፍለጋ ውጤት ቀድሞ የሚገኝበትን ምክንያት እንዲገነዘቡና ባለንብረቶችን እንዲያግዙ ማድረግ ነው። ከዚህ በታች እንደሚብራራው ከሥራው አብዛኛው ክፍያ የማይጠይቅ ሲሆን፣ መነሻውም ስምንና አድራሻን ሊነበብ በሚችል ጽሑፍ አስተካክሎ ማስፈር ነው።

የፍለጋው አሠራር

እንደ ጉግል ያሉ የመረጃ መፈለጊያዎች ሥራቸውን በሦስት ደረጃዎች ያከናውናሉ። በመጀመሪያ አውቶማቲክ ፕሮግራሞች ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው በማስፈንጠሪያዎች እየተሻገሩ ድረ ገጾችን ያነብባሉ። ቀጥሎ ያነበቡትን በማውጫ ይመዘግባሉ። በመጨረሻም ተጠቃሚው ቃል ሲያስገባ ከተመዘገቡት መካከል ለጥያቄው ይስማማሉ የተባሉትን በቅደም ተከተል ያቀርባሉ።

የጉግል መሥራቾች ላሪ ፔጅ እና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ ያደረጉት ዘዴ አንድን ገጽ ሌሎች ገጾች ምን ያህል እንደሚጠቁሙትና የጠቋሚዎቹም ክብደት ምን እንደሆነ የሚመዝን ነበር። ዛሬ የሚታዩት መመዘኛዎች በርካታ ሲሆኑ፣ የጽሑፉ ከጥያቄው ጋር መስማማት፣ የፈላጊው መገኛ ቦታ እና ገጹ በእጅ ስልክ ለመጠቀም ያለው አመቺነት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ያልተነበበ ገጽ ግን አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበም ደረጃ ሊሰጠው አይችልም።

የማይነበብ ጽሑፍ

በአማርኛ ድረ ገጾች ላይ ለረጅም ጊዜ የዘለቀው ችግር ከዚህ የሚመነጭ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ በርካታ ጽሑፎች የተዘጋጁት የላቲን ፊደላትን ቦታ በግእዝ ፊደል ቅርጽ በሚተኩ ፎንቶች ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር አማርኛ ሆኖ ቢታይም መፈለጊያው የሚያገኘው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድርድር ነው።

ይኸው ችግር ዛሬም በሌላ መልክ ይታያል። የዕቃው ስም፣ ዋጋና ስልክ ቁጥር በአንድ ያማረ ምስል ላይ ተጽፎ ይለጠፋል፤ ወይም በስካነር የተነሳ ሰነድ ይቀመጣል። መፈለጊያዎች በምስል ላይ ያለን ጽሑፍ በተወሰነ ደረጃ ለማንበብ ቢሞክሩም በዚህ ላይ መተማመን አይገባም። በመሆኑም ማንኛውም ጠቃሚ መረጃ በዩኒኮድ በተተየበ ጽሑፍ መቅረብ፣ ለእያንዳንዱ ምስልም አጭር የጽሑፍ መግለጫ መሰጠት ይኖርበታል።

የስምና የፊደል ልዩነት

ሁለተኛው ችግር የአጻጻፍ ልዩነት ነው። ለአንባቢ «ሐይቅ»፣ «ሀይቅ» እና «ኃይቅ» አንድ ቃል ናቸው። ለኮምፒውተር ግን «ሐ»፣ «ሀ» እና «ኃ» የየራሳቸው መለያ ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ቀርከሃ» የሚለው ቃልም «ቀርከሀ» እና «ቀርቀሃ» ተብሎ ሲጻፍ ይስተዋላል። ከተማዋ «እንጅባራ» ወይም «እንጂባራ» ትባላለች፤ ኮሶበር በሚለው ስሟ የሚያውቋትም አሉ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ስሟ አንዳንድ ጊዜ በ«አይ»፣ አንዳንድ ጊዜም በ«ኢ» ፊደል ይጀምራል። «ዳንግላ»ም በአንዳንድ ጽሑፎች «ዳንጊላ» ሆና ትገኛለች።

መፈለጊያዎች አንዳንዶቹን ልዩነቶች ራሳቸው ያስታርቃሉ፤ ሁሉንም ግን አይደለም። መፍትሔው ለድርጅቱ አንድ መጠሪያ መርጦ በድረ ገጹ፣ በካርታው፣ በንግድ ምዝገባውና በማኅበራዊ ገጾቹ ላይ ሳይለዋወጡ መጠቀም ነው። የአካባቢው ሌላ አጠራር ደግሞ በአድራሻ መግለጫው ውስጥ እንደ አግባብነቱ አንድ ጊዜ ሊጠቀስ ይችላል። ልዩነቶቹን ሁሉ በገጹ ግርጌ መደርደር ግን መፈለጊያዎች እንደ ማታለል የሚቆጥሩት ተግባር በመሆኑ መወገድ ይገባዋል።

የገጹ ይዘት

አንድን የቀርከሃ ሥራ ማኅበር ለአብነት ብንወስድ፣ የፊት ገጹ ርዕስ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ከሆነ ምንም የሚነግረው ነገር የለም። «የቀርከሃ ወንበርና ጠረጴዛ በእንጅባራ» ቢባል ግን ገዢው የሚጽፈውን ቃል ይዟል። ለእያንዳንዱ ዋና ምርት ራሱን የቻለ ገጽ ማዘጋጀት፣ መጠኑን፣ ዋጋውን፣ የማድረሻ ጊዜውንና የማጓጓዣ ሁኔታውን መግለጽ ያስፈልጋል። የእንግዳ ማረፊያ ከሆነ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ያለው ርቀት፣ የክፍሎች ብዛትና የመኪና ማቆሚያ መኖሩ ሊጻፍ ይገባል።

ከዚህም ባሻገር ቋንቋን በሚመለከት የአማርኛውን፣ የአዊኛውንና የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ በአንድ ገጽ ከማደባለቅ ይልቅ በየራሱ ገጽ ማስቀመጥ ለአንባቢም ሆነ ለመፈለጊያ ይመቻል። ጉግል በገጽ ኮድ ውስጥ የሚቀመጠውን የቁልፍ ቃላት መዘርዘሪያ ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 ያስታወቀ በመሆኑ በእርሱ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።

ካርታና የእጅ ስልክ

ጉግል ለንግድ ድርጅቶች በነጻ የሚሰጠው የካርታ ላይ መገለጫ ለአነስተኛ ከተማ ድርጅት ከፍተኛ ጠቀሜታ አለው። በአካባቢ ፍለጋ የሚታዩት ሦስት መመዘኛዎች ከጥያቄው ጋር መስማማት፣ ርቀትና ታዋቂነት ናቸው። ርቀትን መለወጥ አይቻልም። የሥራውን ዘርፍ በትክክል መምረጥ፣ ትክክለኛውን ቦታ በካርታው ላይ ማመልከት፣ የሥራ ሰዓትና ስልክ መሙላት፣ እውነተኛ ደንበኞች አስተያየት እንዲሰጡ መጋበዝ ግን የባለንብረቱ ድርሻ ነው። ለአስተያየት ገንዘብ ወይም ስጦታ መስጠት የተከለከለ ሲሆን፣ ለተሻለ የካርታ ደረጃ የሚከፈል ክፍያም የለም።

ጉግል ገጾችን በዋናነት የሚመዘግበው በእጅ ስልክ በሚታዩበት መልካቸው ነው። በመሆኑም በካሜራ እንደተነሱ የተጫኑ ከባድ ፎቶግራፎች ገጹን ያዘገዩታል። የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሴኮንድ ውስጥ እንዲታይ ይመከራል። የኔትወርክ አቅም አነስተኛ በሆነበት አካባቢ የምስሎችን መጠን መቀነስ ደንበኛውን ከአላስፈላጊ ወጪም ያድናል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም መገባደጃ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። ባለቤቱ ኢንተርኔት በማያገኝበት ጊዜም ደንበኛው ሊያገኘው እንዲችል የሚሠራ ስልክ ቁጥር በገጹ ላይ በግልጽ መቀመጥ አለበት።

ከአጉል ተስፋ መጠንቀቅ

«በአንድ ሳምንት የመጀመሪያው ተራ ላይ እናስቀምጣችኋለን» የሚል ቃል የሚገቡ ወገኖች አሉ። የመጀመሪያውን ተራ ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል ጉግል ራሱ ያስገነዝባል፤ የማሻሻያ ሥራም ውጤቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት ይወስዳል። ማስፈንጠሪያ መግዛት፣ ቃላትን ያለ አግባብ መደጋገምና በጀርባው ቀለም የተሰወረ ጽሑፍ ማስቀመጥ ገጹን ከውጤቱ እስከማስወጣት ያደርሳሉ። ያለ አንዳች አዲስ ፋይዳ በብዛት የሚመረቱ ጽሑፎችም፣ በሰው ተዘጋጁ በኮምፒውተር፣ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ጀምሮ በጉግል ደንብ እንደ ጥፋት በግልጽ ተካትተዋል።

ሌላው ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ባለቤትነት ነው። የድረ ገጹ ስም በሠሪው ባለሙያ ስም ተመዝግቦ የይለፍ ቃሉም በእርሱ እጅ ብቻ ከቀረ፣ ግንኙነቱ በተቋረጠ ወይም ዓመታዊ ክፍያው ባለፈ ጊዜ ድርጅቱ ለዓመታት ያካበተውን ደረጃ ከነስሙ ያጣል። በመሆኑም ምዝገባው በድርጅቱ ስም መሆኑና የይለፍ ቃሉ ለድርጅቱ መሰጠቱ በውሉ ላይ መስፈር አለበት።

ከመንግሥት ተቋማት የሚጠበቅ

ለአነስተኛ ድርጅት ክብደት ያለው ጠቋሚ የሚሆነው የሚታወቅ ተቋም ድረ ገጽ ነው። በመሆኑም የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የሚከተሉትን ያለ ተጨማሪ በጀት ሊያከናውኑ ይችላሉ።

1. የባህልና ቱሪዝም ዘርፍ፦ የእንግዳ ማረፊያዎችን፣ የአስጎብኚዎችንና የዕደ ጥበብ ማኅበራትን ዝርዝር በምስል ሳይሆን በተተየበ ጽሑፍ፣ ከየድርጅቱ ድረ ገጽ ጋር በማስተሳሰር ማውጣት። ዝርዝሩ ለሁሉም ብቁ ድርጅቶች እኩል ክፍት ሊሆን ይገባል።

2. የከተማ አስተዳደሮች፦ የቀበሌ፣ የሠፈርና የመንገድ ስሞችን በአማርኛም ሆነ በላቲን ፊደል አንድ ወጥ በሆነ አጻጻፍ መጠቀም።

3. የንግድ ዘርፍ፦ ፈቃድ በሚታደስበት ወቅት ባለንብረቱ በካርታው ላይ ያለው ስምና ስልክ ከምዝገባው ጋር መጣጣሙን እንዲያረጋግጥ ማሳሰብ።

4. የቴክኒክና ሙያ ተቋማት፦ ሠልጣኞች በተግባር ልምምዳቸው የአንድን ድርጅት ገጽ እንዲያስተካክሉ ማድረግና ለውጡን ጉግል በነጻ በሚያቀርበው ሰርች ኮንሶል በተባለው መሣሪያ መከታተል።

ይህ መሣሪያ ሰዎች ምን ቃል ጽፈው ገጹን እንዳገኙ፣ ስንት ጊዜ እንደታየና ስንቶች እንደገቡበት ያሳያል። የድጋፉ ውጤት ሊለካ የሚገባውም በተሠሩት ድረ ገጾች ቁጥር ሳይሆን በዚህ መረጃና ገጹን አይተው በደወሉ ደንበኞች ብዛት ነው።

ጉግል እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2024 ጀምሮ ለአንዳንድ ጥያቄዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ መልስ ከውጤቶቹ በላይ ማቅረብ መጀመሩ ወደ ድረ ገጾች የሚገባውን ሰው ሊቀንስ ይችላል። ሆኖም መልሱ የሚቀዳው በድረ ገጾች ላይ ከሚገኝ ጽሑፍ በመሆኑ ስለ እንጅባራና ስለ ዳንግላ ምርቶች ግልጽና ትክክለኛ ጽሑፍ የማቅረብ አስፈላጊነት አልቀነሰም። ባለሙያው ያመረተው ዕቃ ገዢ እንዲያገኝ አስቀድሞ የሥራውና የቦታው ስም በሚነበብ ጽሑፍ በትክክል ሊሰፍር ይገባል።