የይደር ፍተሻ

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ያለ የመቆጣጠሪያ ቦርድም ሆነ ደሴ ቤት ውስጥ ያለ ራውተር፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው መነሳት አለበት። ሊኑክስ በሚሠራበት መሣሪያ ላይ ግን መነሳት ብቻውን አይበቃም፤ ድራይቨሮቹ በትክክለኛው ተራ መነሳት አለባቸው።

አንድ ስክሪን እንውሰድ። ኃይል የሚያገኘው ከሬጉሌተር ቺፕ ነው። ሬጉሌተሩ ትእዛዝ የሚቀበለው በአይ-ቱ-ሲ መስመር ነው፤ የመስመሩ ድራይቨርም ክሎክ ይፈልጋል። የስክሪኑ ድራይቨር ቀድሞ ከተጠራ ሬጉሌተሩን አያገኝም፤ ስክሪኑም ጨልሞ ይቀራል። የቆየው መፍትሔ ድራይቨሮችን “ኢኒትኮል” በሚባሉ ደረጃዎች መመደብ ነበር። በአንድ ደረጃ ውስጥ ያሉትን ተራ የሚያስይዛቸው በሜክፋይሉ ላይ የተጻፉበት ቅደም ተከተል ነው። ለአንድ ቦርድ የተስተካከለው ተራ ግን ሌላ ቦርድ ላይ ሊፈርስ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በሊኑክስ 3.4 የገባው፣ ግራንት ላይክሊ የጻፈው ዘዴ “ዲፈርድ ፕሮብ” ይባላል። በአማርኛ “የይደር ፍተሻ” ብንለው ይስማማዋል። ስብሰባ ላይ “ውድቅ ተደረገ” እና “በይደር ተያዘ” የሚባሉት ውሳኔዎች የተለያዩ እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን፤ የዘዴው ቁም ነገርም ይኸው ነው። የሚፈልገውን ያላገኘ ድራይቨር “ኢፕሮብ ዲፈር” የተባለውን ኮድ፣ ማለትም -517ን ይመልሳል። ከርነሉ መሣሪያውን በይደር ዝርዝር ውስጥ ያስገባዋል፤ ሌላ መሣሪያ ከድራይቨሩ ጋር በተሳካ ሁኔታ ሲገናኝም በይደር የቆዩትን እንደገና ይሞክራል።

ዘዴው ዋጋ ያስከፍላል። እያንዳንዱ ሙከራ የያዘውን ሁሉ ለቅቆ እንደገና መጀመር ስላለበት የመነሻ ጊዜ ይረዝማል። በኋላ የመጣው “ኤፍደብሊው ዴቭሊንክ” የቦርዱን መሣሪያዎች የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ትሪ አንብቦ ማን በማን ላይ እንደተደገፈ አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለዚህ ከንቱ ሙከራዎችን ይቀንሳል። የይደር ፍተሻን ግን አላስቀረውም።

በእኔ አመለካከት ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከራሳችን ኮድ ነው። ሬጉሌተሩን ሲጠይቅ -517 የተሰጠው ድራይቨር “መሣሪያው የለም” ብሎ -19 ከመለሰ፣ ይደሩን ውድቅ አደረገው ማለት ነው፤ ከርነሉም ዳግመኛ አይሞክረውም። ሌላው ችግር ደግሞ ዝም ያለ ነው፦ የሬጉሌተሩ ድራይቨር ከርነሉ ሲገነባ ጨርሶ ካልተካተተ፣ ስክሪኑ የማይመጣ እንግዳ ሲጠብቅ ይኖራል።

በወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለመመረቂያ ፕሮጀክት ቦርድ የያዛችሁ ተማሪዎች፣ መሣሪያ አልነሳ ሲላችሁ የኢኒትኮል ደረጃ ለመቀየር አትቸኩሉ። በዲበግኤፍኤስ ስር “ዲቫይስስ ዲፈርድ” የሚባለውን ፋይል ክፈቱ፤ በይደር የቀሩት መሣሪያዎች እዚያ ተዘርዝረዋል። ድራይቨር ስትጽፉም የተሰጣችሁን -517 ሳትለውጡ መልሱት።