ላም የማትበላው ሳር

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ቀራንዮ ውስጥ ሁለት ሰዎች አንድ ሥራ ለመሥራት ይሽቀዳደማሉ። አንደኛው ግቢው ውስጥ ጎንበስ ብሎ አልነሳም ያለውን የሳር ማጨጃ ማሽን ገመድ አሥር ጊዜ ይስባል። ሁለተኛው ማጭዱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ በሩን ያንኳኳል፤ «ሳር አይታጨድም?» ይላል። ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ ሳር ነው። አንዱ ሊያስወግደው፣ ሌላው ሊወስደው።

ማሽኑ የተወለደው ሳርን ለማስወገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830 እንግሊዝ አገር፣ ስትራውድ ከተባለች የሱፍ ፋብሪካዎች ከበዙባት ከተማ አጠገብ፣ ኤድዊን በዲንግ የተባለ መካኒክ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ሐሳቡን ያገኘው ከጨርቅ ነው። ፋብሪካዎቹ ከሱፍ ጨርቅ ላይ ብቅ ያለውን ፀጉር እኩል የሚከረክም ባለ ስለት ተሽከርካሪ ነበራቸው። በዲንግ ይህንኑ ከጎማ ጋር አገናኝቶ መሬት ላይ አወረደው። ከዚያ በፊት የእንግሊዝ መኳንንት ሜዳቸውን የሚያሳጭዱት ረጅም እጀታ ባለው ማጭድ፣ ብዙ ሠራተኛ አሰልፈው ነበር። ከብት የማይሰማራበት፣ እህል የማይዘራበት፣ እንዲያው ለዓይን ብቻ የተተወ መሬት መያዝ የሀብት ማሳያ ነበር። ማሽኑ ይህን ክብር ወደ መካከለኛው መደብ ጓሮ አወረደው።

በዚያው ዘመን ሸዋን የሚገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። ዛሬ ለሰፈሩ ስሙን የሰጠው የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ደብርም ከአዲስ አበባ መቆርቆር በፊት የነበረ ነው። በሸዋ ሳር እንዲህ ለዓይን ብቻ የሚተው ነገር አልነበረም። ሳር ጣሪያ ነው፣ ፍራሽ ነው፣ ለበዓል የሚጎዘጎዝ ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መኖ ነው። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር የትራንስፖርቷ ነዳጅ ሳር ነበር ማለት ይቻላል፤ ፈረሱም በቅሎውም የሚንቀሳቀሰው በእሱ ነው። ከአማርኛ ግሶች «ማጨድ» መሰብሰብን አብሮ ያዘለ ነው። አጭዶ መጣል ለገበሬ ትርጉም የለውም።

የሚታጨድ ግን የማይበላ ሳር ወደ ከተማዋ የገባው በሌጋሲዮኖችና በትልልቅ ቪላዎች በኩል ነው። ከቀራንዮ ብዙም ሳይርቅ፣ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ፣ የጎልፍ ሜዳም አለ። ጎልፍ ያለ ማጨጃ ማሽን አይታሰብም። የቪላው ሳር ግን በ1967 ዓ.ም. ተቆረጠ፤ በማሽን ሳይሆን በአዋጅ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለአንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚሰጠው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ከ500 ላይ ቤቱን፣ ሰርቪሱን፣ የመኪና ማቆሚያውንና የጎመን መደቡን ቀንሱ። የቀረውን ሳር አንድ ሰው በማጭድ በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል። ደርግ ስለ ሳር ማሽን አስቦ አያውቅም ይሆናል፤ ገበያውን ግን ከማንም በላይ ያጠበበው እሱ ነው።

ማሽኑ የቤት ዕቃ የሆነው ሌላ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ሲድኒ ውስጥ ሜርቪን ቪክተር ሪቻርድሰን ጋራዡ ውስጥ ቪክታ የተባለውን ማጨጃ ሠራ። የመጀመሪያው ሞዴል የቤንዚን ማጠራቀሚያ የኮክ ጣሳ ነበር። የሚገርመው በአውስትራሊያ ጓሮ የሚታጨደው አንዱ ሳር ኪኩዩ መሆኑ ነው። ኪኩዩ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሳር ነው፤ ኢትዮጵያም አገሩ ናት። ሳሩ ከእኛ ሄደ፣ ማሽኑ ወደ እኛ መጣ።

የመጣው ማሽን ግን ለዚህ ከፍታ አልተሠራም። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ቀራንዮ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ስላለች ሩብ የሚሆነው ጉልበት ገና ሳይነሳ ሄዷል። አየሩ ስስ ነው፣ ካርቡራተሩ ግን ለባሕር ዳርቻ የተለካውን ቤንዚን ይሰጣል። ትርፉ ቤንዚን ጥላሸት ሆኖ ካንዴላው ላይ ይጋገራል። ሳሩ ከሰኔ እስከ መስከረም ይንበለበላል፣ ከዚያ ይደርቃል። ማሽኑም ስድስት ሰባት ወር ቤንዚን እንደያዘ ሰርቪስ ቤት ይቆማል። ቤንዚኑ ተበላሽቶ ሙጫ ይሆናል፣ የካርቡራተሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። ሰኔ ላይ «ሞተሩ ሞቷል» ከሚባሉት ብዙዎቹ የሞቱት በዚህ ነው። ኅዳር ላይ ቤንዚኑን ቀድቶ ማውጣት በቂ ነበር።

ምላጩም የራሱ ጣጣ አለው። በድንጋይ አንዱ ወገን ብቻ ከተሳለ ሚዛኑን ይስታል፣ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታው ያልቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መሐል ቀዳዳውን ምስማር ላይ ሰቅሎ ያዘነበለውን ወገን መሞረድ። ሞተሩ ጨርሶ ሲደክም ግን የጄኔሬተር ሞተር ልግጠምለት የሚል መካኒክ አይጠፋም። አይሆንም። የጄኔሬተሩ ዘንግ ወደ ጎን ነው የሚወጣው፣ የአብዛኛው ማጨጃ ደግሞ ወደ ታች። ለመተካት ያሰበ ሰው የኤሌክትሪኩን ቢያይ ይሻለዋል፤ ከፍታ ጉልበቱን አይነካውም፣ ካርቡራተርም የለው። መብራት እስካለ ድረስ፣ ማለት ነው።

ማጭድ ይዞ የቆመው ሰውዬ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የከተማው ላም አርቢ ከሱሉልታና ከአካባቢው የሚመጣውን ድርቆሽ በእስር ይገዛል፤ በነፃ የሚገኝ የአንድ ግቢ ሳር ለእሱ የሳምንት ወጪ ነው። ማሽኑ ግን ሳሩን ለዚህ ሰው በሚሆን መልኩ አይቆርጥም። ያደቀዋል። የደቀቀ እርጥብ ሳር ተከምሮ ሲውል ይግላል፣ ይቦካል፤ ለላም ቢሰጥ ሊያሳምማት ይችላል። በማጭድ የታጨደው ረጅም ሳር ግን ፀሐይ ላይ ይዘረጋል፣ ይደርቃል፣ ለበጋ ይቀመጣል። ስለዚህ ማሽን የገባበት ግቢ ሳር ከላም አፍ ወጥቶ በከረጢት ወደ ቆሻሻ ገንዳ ይሄዳል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር የተተከለው ሳርም ለዓይን ነው፤ እዚያ በር የለም፣ ማንም አያንኳኳም።

ቀራንዮ ውስጥ ግን ላም የሚያረባ ሰው ገና አለ። ባለማሽኑ ገመዱን አሥራ አንደኛ ጊዜ ስቦ ሲያቅተው በሩን ይከፍታል። ስለ ዋጋ አይነጋገሩም። አንዱ ግቢው ይጸዳለታል፣ ሌላው ሳሩን ይወስዳል። ለእንቁጣጣሽ የሚጎዘጎዘው ግን ከግቢው ሳር አይደለም፤ ቄጤማው ከገበያ ነው የሚገዛው።