ስለ ሰንጠረዥ ቃላትና ስለ ቀጥታ ሥርጭት የጨዋታ ማኅደር

ሰንጠረዥ የሚለው ቃል ዛሬ በአማርኛ ሁለት ነገር ይጠራበታል፤ አንደኛው ጥንታዊው ጨዋታ ሲሆን ሁለተኛው በመስመርና በዓምድ የተከፋፈለ የቁጥር ወይም የጽሑፍ መግለጫ ነው። ቃሉ ከሳንስክሪቱ ቻቱራንጋ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ አፍ ሸጥረንጅ ከተባለ በኋላ ወደኛ የደረሰ ነው። የጨዋታው ገበታ በመስመር የተከፋፈለ መሆኑን ያስተዋለ ሰው ሁለተኛው ፍች ከየት እንደ መጣ ለመገመት አይቸገርም። ችግሩ የሚመጣው የውድድር ውጤት በሚታተምበት ጊዜ ነው፤ «የሰንጠረዥ ውድድር ሠንጠረዥ» የሚል ርእስ በሰ እና በሠ ለይተን ብንጽፈው እንኳ ለጆሮ አይለይም። ብዙ ተርጓሚዎች ቼዝ ወደሚለው የሸሹት በዚህም ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሽሽቱ ይገባናል፣ ነገር ግን ከቃሉ ጋር የቤተ ሰቡ ቃላት በሙሉ መተዋቸው ያሳዝናል።

እነዚህ ቃላት ተመዝግበው የቆዩልን በአብዛኛው በመንገደኞች ብዕር ነው። ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ የትግራዩን ገዥ የራስ ወልደ ሥላሴን ጨዋታ ጠቅሷል። ከራስ ዓሊ ጋር እ.ኤ.አ. በ1849 ውል የተዋዋለው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን የጨዋታውን ሥርዐት የገለጸበት መጽሐፍ ደግሞ እርሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1868 ታተመ። የራስ ዓሊ መቀመጫ የነበረችው ደብረ ታቦር ከታች ጋይንቷ አርብ ገበያ በስተ ሰሜን ምዕራብ የምትገኝ ስለሆነች፣ ይህ ታሪክ ለጋይንትና ለእስቴ ሰው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ጉዳዩን ሰብስቦ ጽፎበታል። ገበታው ብዙ ጊዜ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር የተከፋፈለ ቀይ ጨርቅ ነበረ፤ ጠጠሮቹም ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይባሉ ነበር።

ከሌላው ዓለም ጨዋታ ሁሉ የእኛን የሚለየው ወረራ የተባለው መክፈቻ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው በፈጠነው መጠን፣ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ በአንድነት ያንቀሳቅሳሉ። ተራ የሚጀመረው ከመጀመሪያው መብላት በኋላ ነው። የቼዝ አጻጻፍ ሁሉ የቆመው ግን በተራ ቁጥር ላይ ነው፤ አንድ ብሎ የነጩን፣ ቀጥሎም የጥቁሩን እርምጃ ይጽፋል። ስለዚህ ወረራን በዚህ ዘዴ መጻፍ አይቻልም፤ የሚጻፈው ወረራው ሲያበቃ የሚገኘው አሰላለፍ ብቻ ነው።

ዛሬ ጨዋታ በቀጥታ የሚሠራጨው ፒ.ጂ.ኤን. በሚባለው የጽሑፍ ማኅደር ነው። ስቲቨን ኤድዋርድስ የተባለው አሜሪካዊ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ያዘጋጀው ነው። የጠጠሮቹን መነሣትና መቀመጥ የሚያውቅ የኤሌክትሮኒክ ገበታ እያንዳንዱን እርምጃ ወደ ኮምፒዩተር ይልካል፤ ኮምፒዩተሩም በማኅደሩ ላይ ጨምሮ ወደ ሥርጭቱ ያስተላልፈዋል። ከእርምጃዎቹ በፊት ግን ሰባት መግለጫዎች በሰው እጅ መሞላት አለባቸው፦ ውድድሩ፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ዙሩ፣ ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ውጤቱ። (ማኅደር ያልነው አውቀን ነው። በእንግሊዝኛ ሰነዱም፣ በገበታው ላይ ከታች ወደ ላይ የሚሄደው ረድፍም ፋይል ይባላሉ፤ ሁለተኛውን ዓምድ ብንለው ተርጓሚ ከስሕተት ይድናል።)

በአርብ ገበያ ውድድር ተደርጎ ማኅደር ይዘጋጅ ቢባል፣ በመጀመሪያ ቦታው ያስቸግራል። በገበያ ቀን የተሰየመ ከተማ በአማራ ክልል ብዙ ነው፤ አርብ ገበያም ከአንድ በላይ ስለሆነ ታች ጋይንት የሚለው አብሮ ካልተጻፈ ጨዋታው የት እንደ ተደረገ አይታወቅም። ቀኑም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በማኅደሩ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ሆኖ መግባት አለበት፤ 2017 ብሎ የጻፈ ሰው ጨዋታውን በሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይጥለዋል። ከቀኑ 8 ሰዓት የተባለው መጀመሪያም በውጭው አቈጣጠር 14 ሰዓት፣ በግሪንዊች 11 ሰዓት ነው።

ከሁሉ የከፋው የስም ነገር ነው። ሥርዐቱ የቤተ ሰብን ስም አስቀድሞ፣ ከነጠላ ሰረዝ በኋላ የራስን ስም ይጠይቃል። እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ ስለዚህ አንዱ የአባትን ስም ያስቀድማል፣ ሌላው የተጫዋቹን። ኃይለ ማርያም ወይም ወልደ ሥላሴ የሚባል ተጫዋች ሲመጣ ደግሞ ማሽኑ ስሙን ከመካከሉ ቈርጦ «ማርያም» የሚባል ተጫዋች ይፈጥራል። በላቲን ፊደል ሲገለበጥ የሚመጣው የአጻጻፍ ልዩነት ሲጨመርበት፣ የአንድ ወጣት ጨዋታዎች በሦስትና በአራት ስም ተበታትነው ይቀራሉ፤ ሥራውን ፈልጎ የሚያጠና ሰውም አያገኘውም። በበኩላችን ስሙ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን መዝገብ እንደ ተጻፈው ሳይለወጥ እንዲገባ፣ የመለያ ቁጥሩም አብሮ እንዲጻፍ እንመክራለን።

የጠጠሮቹን ምኅጻረ ቃል በሚመለከት፣ የፒ.ጂ.ኤን. ደንብ የብዙ አውሮፓ ቋንቋዎችን ፊደላት ሲዘረዝር አማርኛን አይጨምርም፤ የተወሰነውም በላቲን ፊደል ነው። ለሕትመት ግን የራሳችን ያስፈልገናል። አሁን የተለመደው «ንግሥት» ከንጉሥ ጋር በን ይጋጫል። ፈርዝ ቢመለስ ደግሞ ከፈረስ ጋር በፈ ይጋጫል፤ ፊልም በችኰላ ሲጻፍ ከሁለቱ አይለይም። መጋጨቱ ግን የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛ የፈረሰኛውን የመጀመሪያ ፊደል ለንጉሡ ትቶ ሁለተኛውን ወስዷል፤ ሩስኛ ለንጉሡ ሁለት ፊደል ይጽፋል። ሩስኛ ፈርዝን፣ ስፓኝኛም አልፊልን የጠጠሮቹ አካሄድ ከተለወጠ በኋላ እንኳ አልጣሉም። ስለዚህ ፈርዝ አሮጌ አካሄድ ነው ተብሎ የሚቀርበው መቃወሚያ አያሳምነንም። ን፣ ዝ፣ ል፣ ፈ፣ ደ ብለን ብንጽፍ አንዱም ከሌላው አይጋጭም።

ዓምዶቹን በፊደላችን እንጥራ የሚሉም አሉ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ቀ ብለን ስንቈጥር ንጉሡ በመነሻው የሚቆመው በአምስተኛው ዓምድ፣ በንጉሡ ሠ ላይ ነው፤ ይህን ያየ የቆሎ ተማሪ ደስ ሳይለው አይቀርም። ነገር ግን በቀጥታ ሥርጭት ተናጋሪው «ሀ 4» ሲል ሰሚው ሐ ይሁን ሀ አይለይም፤ ሠ እና ሰም እንደዚሁ ናቸው። አበገደ ብንል ሀ እና ሐ አሁንም ይገናኛሉ። ተናጋሪው በየእርምጃው «ሀሌታው ሀ»፣ «ሐመሩ ሐ» እያለ ሊዘልቅ አይችልምና፣ ዓምዶቹ በማኅደሩም በንግግሩም በላቲኑ ስማቸው ይቆዩ፣ የጠጠሮቹ ስም ግን በአማርኛ ይነገር እንላለን።