የንጉሥ መርዶ

በቀደመው የኢትዮጵያ ሥርዓተ መንግሥት የንጉሥ ሞት የቤተ ዘመድ ኀዘን ብቻ ሳይሆን የአገር ጸጥታ ጉዳይ ስለ ነበረ፥ ዜና ዕረፍቱ ከእልፍኝ ወደ አደባባይ የሚወጣው መኳንንቱ ከተማከሩና የወራሹ ነገር ከተቈረጠ በኋላ ነበር። ያን ጊዜ ነጋሪት ይጐሰምና ዐዋጅ ነጋሪው «የሞትንም እኛ፥ ያለንም እኛ» ብሎ ቃሉን ይከፍታል፤ ነጋዴው እንዲነግድ፥ ገበሬውም እንዲያርስ ያዝዛል። በዚህ አንድ ዐዋጅ ለሟቹ ልቅሶ ይፈቀዳል፥ ለሕያውም ታዛዥነት ይጠየቃል።

ከዐዋጁም በኋላ ድንኳን ተተክሎ፥ የሟቹ ፈረስ ከነወርቅ ዕቃው፥ ጋሻውና ጦሩም ጭምር በለቀስተኛው ፊት ሲዞር፥ አልቃሾች ሙሾ እያወረዱ ትውልዱንና ዘመቻውን ይቈጥራሉ፤ ሕዝቡም ደረቱን እየመታ ይቀበላቸዋል። ካህናቱ በበኩላቸው ጸሎተ ፍትሐቱን አድርሰው፥ በሣልስቱ፥ በሰባቱ፥ በአርባው፥ በሰማንያውና በሙት ዓመቱ ተዝካሩን ሲያወጡ፥ ነዳያን በስሙ ይመገባሉ።

ይህ ሥርዓት የታጐለበት ዋናው ጊዜ የዳግማዊ ምኒልክ ዕረፍት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ብዙ ዓመት በደዌ ተይዘው ከአደባባይ ከራቁ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ቢያርፉም፥ ሁከት ይነሣል ተብሎ ስለ ተፈራ ሞታቸው ሳይታወጅ፥ አስከሬናቸው በቤተ መንግሥቱ ቅጽር ውስጥ በስውር ዐረፈ። አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱም ያያታቸው መርዶ በይፋ ሳይነገር፥ ዘውድም ሳይጭኑ ቈይተው በመስከረም 1909 ዓ.ም. ተሻሩ። የተነፈገውን ልቅሶ ያስለቀሱት የምኒልክ ልጅ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ናቸው፤ ኋላም የታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያምን አሠርተው ያባታቸውን ዐፅም በዚያ አሳረፉ።

እርሳቸው ራሳቸው መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም.፥ የሸፈቱት የቀድሞ ባላቸው ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ጦርነት በወደቁ በሁለተኛው ቀን፥ ሲያርፉ ግን፥ ጊዜው ይልቁን የሚያሰጋ ሆኖ ሳለ ሞታቸውን መሸሸግ አላስፈለገም፤ አልጋ ወራሹ ተፈሪ መኰንን ከመስከረም 1921 ዓ.ም. ጀምሮ ንጉሥ ተብለው ስለ ነበር ሥልጣኑ ባዶ ሆኖ የሚያድርበት ሌሊት አልነበረምና።

ለሌላው መርዶ ያልነፈጉት እኒሁ ንጉሥ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡ በኋላ፥ ራሳቸው መርዶ አጡ። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ እጅ ሳሉ ሞቱ፤ ዜናው በአጭር የመንግሥት መግለጫ ተነገረ እንጂ ነጋሪት አልተጐሰመም፥ ልቅሶ አልተዘረጋም፥ መቃብራቸውም ለሕዝብ አልታወቀም። ዐፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ተገኝቶ፥ በበዓታ ለማርያም ዓመታት ከቈየ በኋላ፥ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፈልሶ ከእቴጌ መነን አጠገብ ዐረፈ።

እንግዲህ ሞትን የሸሸገው ሁሉ የሟቹን ኀያልነት ሳይሆን የራሱን ወንበር አለመጽናት መሰከረ። መርዶን ማዘግየት ይቻላል፤ ልቅሶን ማስቀረት ግን ለማንም አልተቻለም።